የጋሽ ጥላዬ ስስ ብረት

ብረት ሁሉ ያው ብረት ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ በሰላም ብንለያይ ደስ ይለኛል። አልቀየማችሁም። እኔም እስከ አምና ድረስ ከእናንተ ወገን ነበርኩ። በር ብረት ነው፣ ድስት ብረት ነው፣ ብስክሌትም ሁለት ጎማ የተሰካበት ብረት ነው ብዬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። የፊዚክስ አስተማሪያችን ከዚህ የተለየ ነገር ሲናገር አልሰማሁም። ተናግሮ ከሆነም በዚያ ሰዓት በመስኮት ወጥቼ ሄጃለሁ ማለት ነው። በአካል አይደለም፣ በሐሳብ። ስም ሲጠራ "አቤት" ማለቴን እንጂ መኖሬን ያረጋገጠ አስተማሪ የለም።

ይህን አመሌን አስቀድሜ የምናዘዘው ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከእሱ ስለተነሳ ነው። ቁጭ ብዬ መቆየት አልችልም፤ ቁጭ ካልኩ ደግሞ እዚያው ቁጭ ያልኩበት አልገኝም። የምሠራው ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማሽኑ ወረቀት ሲውጥና ሲተፋ እኔ በሐሳቤ ጣራ ለጣራ እየዘለልኩ ምኒልክ አደባባይን እዞራለሁ። አንድ ቀን የአንዱን መንጃ ፈቃድ ከአንዷ የልደት ካርድ ጋር ፊትና ጀርባ አድርጌ አትሜ ሰጠሁ። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ በትሕትና፣ ሴት ሆኖ አዳማ የተወለደው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጋሽ ጥላዬ አፍንጮ በር ከምንኖርበት ግቢ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሰው ሰዓት አላስቸኩልም ብለው ተዉት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የቀራቸው ነገር ቢኖር ጆሯቸውና አንዲት ብስክሌት ነው። ብስክሌቷን የገዟት ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ነው። ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ። እውነቱን ለመናገር ሳያት ያዘንኩት ለእሳቸው ነበር።

አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ቆሜ ስቁነጠነጥ አዩኝና "እስኪ ነይ፣ ይቺን አንሺልኝ" አሉኝ። ብረት ነው ብዬ እግሬን አንፈራጥጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በሁለት እጄ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳነሳት አጥር ልታሻግረኝ ምንም አልቀራት። ትልቅ ሰው መስሎኝ ያቀፍኩት ሕፃን ሆነብኝ። ጋሽ ጥላዬ ተቀብለው በሁለት ጣት አንጠለጠሏት። ከዚያ በጥፍራቸው የአንዱን ቱቦ ጫፍ ነካ አደረጉት፤ "ጥ" አለ። መሀሉን ነካ አደረጉት። ድምፁ ወጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ እንደገና ተመልሶ የገባ መሰለኝ።

ብስክሌት ማለት ጎማው አይደለም፣ ፍሬኑም አይደለም፣ ቴላዮው ነው አሉኝ። ቴላዮ የሚሉት ያንን ጎማውንም መሪውንም ሰውንም የሚሸከመውን አካል ነው። የእሷ ቱቦ ጫፍና ጫፉ ላይ ወፈር ይላል፣ መጋጠሚያው እዚያ ስለሆነ። መሀሉ ግን የቡና ስኒ አፍ ያህል ስስ ነው። እንዲህ ማሳሳት የሚቻለው ጥሩ ብረት ብቻ ነው። መጥፎ ብረት ቢሳሳ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ጉድለቱን በውፍረት ይሸፍናል። እኔ ይሄኔ በሰፈራችን የምናውቃቸውን ሁለት ሰዎች ስም ልጠራ አፌን ስከፍት ጋሽ ጥላዬ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

ጉልበታቸው መርገጥ እምቢ ስላላቸው እሁድ እሁድ እኔ እንዳናፍሳት ፈቀዱልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ተመልሼ ስነግራቸውም የምጨርሰው በእጄ ነበር።

እሁድ ጠዋት ነው። ጉሙ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ገና አልተነሳም። ዳገቱን ስረግጣት ትንሽ ትለመጥና መልሳ ትገፋኛለች፤ አብሮኝ የሚገፋ አንድ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል። ፒያሳ ስገባ የቅዳሴው ድምፅ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይጠብቀኛል። ነጠላ የለበሱ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ግማሽ ግማሻቸው ይታያል። መንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር፣ ጠጠሩን፣ ስንጥቁን፣ ከአስፋልት ወደ ንጣፍ ድንጋይ የሚሻገርበትን መስመር፣ ብረቱ ተቀብሎ በለስላሳ ድምፅ ይነግረኛል። ልክ እንደ ጥሩ አስተርጓሚ፦ ስድቡን ትቶ መልእክቱን ብቻ ያደርሳል። በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ጓደኛዬ ያዋሰችኝን አዲስ ብስክሌት አንድ ቀን ሞክሬ ነበር። በር ላይ ተቀምጦ እንደ መሄድ ነው። የእሷ ጥፋት አይደለም፤ በር ላይ የተቀመጠ ሰው በር ላይ መቀመጡን የሚያውቀው ሌላ ነገር ላይ ተቀምጦ ሲያውቅ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ደህና ሰው መሆኔ ቀረ። ያየሁትን ብረት ሁሉ በጥፍሬ ማንኳኳት ጀመርኩ። የቤታችንን ድስቶች አንኳኩቼ አንዷን ብቻ አሳለፍኳት፤ እናቴ ቀሪዎቹ ምን አጠፉ ብላ ጠየቀችኝ። የመብራት ምሰሶ አንኳኳሁ። የቆመ መኪና ሳንኳኳ ውስጡ ባለቤቱ ተኝቶ ኖሮ መስታወቱን አውርዶ "ምን ፈለግሽ?" አለኝ። "ምንም፣ መኪናህ ወፍራም ነው" ብዬው ሄድኩ። ሰው ፊት እውነት መናገር አልፈራም። የጎረቤት ሠርግ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበታል ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የሠራሁትን ፍርሃት በልኩ እንድትመዝኑልኝ ነው።

ጋሽ ጥላዬ ለጉልበታቸው ብለው ለአንድ ሳምንት እንጦጦ ጸበል ገቡ። ሲሄዱ ብስክሌቷን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። ብረት ከቆመ ይከፋዋል፣ ጠዋት ጠዋት አናፍሻት፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ አሉ። አደራ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው ያሉት። ቆጥሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ጋ ስደርስ ውድድር ላይ ነበርኩ። በሐሳቤ ማለት ነው። ከሁሉም ቀድሜያለሁ፣ የመጨረሻው መስመር ይታየኛል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። ሕዝብ ሲያጨበጭብ ዝም ብሎ ማለፍ ብልግና ስለሆነ ሁለቱንም እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ አውለበለብኩ። ብስክሌቷ ይሄኔ የራሷን ሐሳብ ይዛ ሄደች። የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ መታችው። እኔ በላይዋ አልፌ ሣሩ ላይ አረፍኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ቆሙና "ልጄ፣ ለማን ነበር እጅሽን የምታውለበልቢው?" አሉኝ። ለሕዝቡ አልኳቸው። ዞር ብለው ቢያዩ አንድ መንገድ ጠራጊና ርግቦች ብቻ ናቸው። አማተቡና ሄዱ።

እኔ ምንም አልሆንኩም። ከመሪው ሥር ተነስቶ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ግን ታጥፏል፣ የታጠፈበትም ላይ ተሰንጥቋል። ሳንኳኳው "ጥ" አለ። መሀሉን።

ያን ጊዜ ስልክ አንስቼ "ጋሼ፣ ሰበርኳት" ብል ይሄ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አላልኩም። ያ የሠርግ ወጥ ያዋረደ አንደበት የራሱ ጥፋት ሲሆን የት እንደገባ አላውቅም። ጋሽ ጥላዬ የሚያምኑት አንድ እኔን ነው። ማመናቸውን ካጣሁ እሁድንም አጣሁ። ስለዚህ ጥፋቴን ከማመን ይልቅ ሳያዩ ላስጠግን ብዬ ወደ በያጅ ሙሉጌታ ተጎተትኩ።

ሙሉጌታ ከሥራ ቦታዬ ጀርባ የግቢ በር የሚሠራ ጥሩ ልጅ ነው። እሱ የበየደውን በር ሌባ አይከፍተውም፤ አንዳንዴ ባለቤቱም አይከፍተውም። ስንጥቁን አየና ማን እንዳታለለኝ ጠየቀኝ። "ይሄ እኮ ብረት አይደለም፣ የብረት ወረቀት ነው" አለኝ። ስለ ጫፉና ስለ መሀሉ፣ ጥሩ ብረት ስለ መሳሳቱ ላስረዳው ሞከርኩ። መነጽሩን አድርጎ እሳቱን ለኮሰ። ስንጥቁ ላይ ቀዳዳ ወጣ። ቀዳዳውን ሊደፍን ጠጋ ሲል ጎኑ ቀለጠ። ጎኑን ሊያክም ሲል ቱቦው ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር መሟሟት ጀመረ። ሙሉጌታ መነጽሩን አነሳና፣ ብየዳ በጀመረበት ዘመን ሁሉ ከእሳት የሚሸሽ ብረት አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ጎረቤቱ ካፌ ነው። ማኪያቶ የያዙ ሰዎች ስኒያቸውን እንደያዙ ወጡ። ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ካለ ሦስት ሰው ቆሞ ይመክራል፤ ይሄ የታወቀ ነው። አንዱ ቆርጠህ ጣለው አለ። ሙሉጌታ ቆርጦ ጣለውና በቦታው የውሃ ቧንቧ ለካ። "ይሄ ውሃ ለስንት ዘመን ይሸከማል፣ አንቺን አያቅተውም" አለኝ። ሁለተኛው ሰውዬ፣ ቧንቧው ብቻውን ወፍራም ከሆነ ሌሎቹ ስሶች ተጎድተው ይቀራሉ፣ መደገፊያ ይግባላቸው አለ። ፌሮ ገባላቸው፤ ያ ሕንፃ የሚሠራበት ፌሮ። ሦስተኛው ማዕዘኖቹ ያሳዝናሉ አለ። ማዕዘኖቹ ላይ ላሜራ ተለጠፈ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቅ ኋላዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ተበየደ፤ እህል ወፍጮ ቤት የምወስድ መስሏቸው ይሆናል። ሁሉም አንድ ቃል ነበር የሚሉት፦ ይጠንክር። ክፋት እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰፈር ፍቅር የሚለካው በውፍረት ነው። ብርድ ልብስ ወፍራም፣ ሽሮ ወፍራም፣ በር ወፍራም። ለወደዱት ነገር ስስ ነገር መስጠት ነውር ነው። እኔስ? እኔ መሀላቸው ቆሜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። በመጨረሻ ቡናማ የበር ቀለም ተቀባች። ሙሉጌታ ለውበት ብሎ በሮቹ ጫፍ ላይ ከሚያደርጋት ጦር አንዷን መሪው ላይ ሊተክልልኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እሷን ብቻ ነው።

ወደ ቤት ነዳኋት። ነዳኋት ስል አክብሬያት ነው። አስተርጓሚው ሞቶ መንገዱ ራሱ በቀጥታ ያናግረኝ ጀመር፤ መንገዱ ደግሞ ባለጌ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር ስሜን ጠርቶ ሰደበኝ። ዳገት ላይ ስረግጣት አትለመጥም፣ አትመልስም፤ ከግድግዳ ጋር የተማታሁ ያህል ጉልበቴ እዚያው ይቀራል። ሌላ ቀን በዚያ መንገድ ስሄድ ፒያሳ ከእግሬ ሥር እንደ ሕልም ነበር የምታልፈው። ያን ቀን ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ መንቃት ምንም አያስደስትም። ግቢ ስገባ እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። "ምን ሆና ነው እንዲህ የወፈረችው?" አለችኝ።

ነገርኳት። እናቴ የጮኸችው ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋችው ሽማግሌ በመምረጥ ነው። ጋሽ ጥላዬ ዝም ያሉ ሰው ስለሆኑ ቂማቸውም ዝም ያለ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልጋል አለች። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ሁለት ሰው ጨምረው እንዲመጡ ሄዳ ለመነቻቸው። አቶ ደምሴ ነገሩን ሰምተው እሁድ ማለዳ ይሁን አሉ፤ የሰው ልብ ማለዳ ለስላሳ ነው። ደግሞም ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፈር ሰልስት አለባቸው፣ በዚያው ያልፋሉ። ለእኔም ትእዛዝ ሰጡ፤ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ በር ላይ እንድቆም። ድንጋይ ፈለግሁ። ፒያሳን ሰሞኑን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ድንጋይ መሬት ላይ ተለስኗል፣ የሚነሳ የለም። አሰብኩና ከድንጋይ የሚከብድ ነገር ቤታችን እንዳለ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ጋሽ ጥላዬ ደክሟቸው ገቡ። በር ላይ ሳገኛቸው "ብስክሌቷ ደህና ናት?" አሉኝ። ጠንክራለች አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

እሁድ ማለዳ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ብስክሌቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ፤ ከታዘዝኩ ልገባ። እነሱ አንኳኩ። አሁን ልብ በሉልኝ። ማለዳ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሰልስት የሚሄዱ ስለሆነ ጥቁር ኮት ለብሰው ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ጥላዬ ደግሞ ደሴ ያለ ታላቅ ወንድማቸው ከታመመባቸው ሰንብቷል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም፤ እናቴ አላየችው፣ ሽማግሌዎቹ አላዩት፣ እኔ ከነጭራሹ ለማየት የተፈጠርኩ አይደለሁም።

ጋሽ ጥላዬ በሩን ከፍተው ቆሙ። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥላዬ፣ እስኪ ቁጭ በል።"

ለደስታ የመጣ ሰው የቆመን ሰው ቁጭ በል አይልም። አቶ ደምሴ ቀጠሉ። ነገር ከሩቅ ማምጣት የሽማግሌ ጌጥ ነውና በዚህ ዓለም ጸንቶ የሚኖር ነገር እንደሌለ፣ ሰጪውም ነሺውም አንድ እንደሆነ፣ የቆየ ወዳጅም ቢሆን አንድ ቀን እንደሚለይ አነሱ። እነዚህን ቃላት መቃብር ላይ ካልሆነ በቀር የት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

"ወንድሜን" አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ድምፁ ዝግ ማለቱን ተወ።

ግቢው ደርሶ ሞላ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት የጥጓ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ ደረታቸውን እየደቁ ገብተው በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው ቁመቱንና ደግነቱን ማሞገስ ጀመሩ። ሁለት ጎረምሶች ከእድሩ መጋዘን አግዳሚ ወንበር እየተሸከሙ መጡ። እኔ ብስክሌት ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ እያዩኝ ለምን እንደተሸከምኩ የጠየቀኝ የለም፤ "ልጄ ዞር በይ፣ ወንበር ይግባበት" ብቻ ነው ያሉኝ። ዞር አልኩ። ውስጥ አቶ ደምሴ "አይደለም፣ አይደለም" ይላሉ፤ ለቅሶ ላይ ደግሞ አይደለም የማይል ሰው የለም። በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጡ።

"ሰው አይደለም። ብስክሌት ናት የሞተችው።"

እትዬ ዘውዴ እጃቸው ደረታቸው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ጋሽ ጥላዬ ስልካቸውን አውጥተው ደሴ ደወሉ። ወንድማቸው አንስቶ በዚህ ማለዳ ምን ሆነህ ነው ብሎ ሲቆጣ ግቢው ሁሉ ሰማው። ጋሽ ጥላዬ መልስ ሳይሰጡ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሳቁ። ልጅ ሲስቅ እንደሚስቀው ዓይነት ነው፣ ትከሻቸው ሁሉ። ሰዉም ሳቀ። እኔም ትከሻዬን የሚሰብረው ነገር ቀለለኝ፤ ዳንኩ ብዬ አሰብኩ። ከወንድም ሞት ጋር ሲተያይ የብስክሌት ቱቦ ምንድነው?

ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ጠረጉና ዞሩ። "የቷ ብስክሌት?" አሉ።

የሁሉም ዓይን ወደ እኔ መጣ። ገባሁ። መንበርከክ እንዳለብኝ ረስቼው ነበር፤ ጉልበቴ ግን ከነሸክሙ በራሱ ታጠፈ። ጋሽ ጥላዬ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው ሊያነሷት ሞከሩ። አልተነሳችም። የላይኛውን ቱቦ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ ቀለሙ ቢያፍነውም ድምፁ አለ። ከመቀመጫው የሚወርደውን ነካ አደረጉት፤ እሱም አለ። ከዚያ ቧንቧውን ነኩት። "ዱብ" አለ። እጃቸውን እዚያው ላይ አሳረፉና ቆዩ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቧንቧ ነው ጋሼ።"

"የምን ቧንቧ?"

"የውሃ።"

"ይሄስ?"

"ፌሮ።"

ከዚያ በኋላ ሳልጠየቅ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሕዝቡን፣ ማውለብለቤን፣ ስንጥቁን፣ ስልክ አለማንሳቴን፣ ማኪያቶ የያዙትን ሰዎች፣ ራሴን እየነቀነቅኩ መቆሜን። ሰበብ አላስገባሁም። ጋሽ ጥላዬ እስክጨርስ አዳመጡኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ወንበሩ አንዴ መጥቷል" አሉ ለሰዉ፣ "ቁጭ በሉ።"

ሰው ተቀመጠ። ብስክሌት እንዴት እንደሚለቀስ ማንም አያውቅም። ግን ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ አይቀመጥምና አንድ ሁለት እያሉ ስለ ሟቿ ማውራት ጀመሩ። አቶ ደምሴ፣ ያኔ ታክሲ በጠፋበት ጊዜ ምጥ የያዛቸውን ሚስታቸውን ጋሽ ጥላዬ ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ አስቀምጠው ሐኪም ቤት እንዳደረሱላቸው አነሱ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። ሚስታቸው እስከ ዛሬ ድረስ መንገዱ ትዝ አይለኝም ይላሉ አሉ። ጋሽ ጥላዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ፒያሳን በዓይናቸው እንደማያውቋት፣ በመቀመጫቸው እንደሚያውቋት ተናገሩ። የቱ ጋ ድንጋይ ይነሳል፣ የቱ ጋ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ የቱ ጋ ከዳቦ ቤት የሚወጣው ሙቀት እግር ላይ ይደርሳል። አሁን ሰፈሩም ፈረሰ፣ መንገዱም ተለወጠ፤ አሮጌውን መንገድ የሚያስታውሰው የእሷ ብረት ብቻ ነበር። ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ጣራ ጫፍ ላይ ወጥታ ነበር፤ ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ያቺን ቀጭን ሰማያዊ ነገር በዚያ በድሮ መንገድ ላይ ስታልፍ አየናት መሰለኝ። ከሥራዬ ይልቅ በሐሳቤ የምገኝ ሰው ነኝና እኔ በደንብ አይቻታለሁ። የሚያለቅስ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን አዩ። "ታዲያ ጥላዬ፣ ታረቅህ ወይስ አልታረቅህም? ሌላ ሰልስት አለብን" አሉ።

"ታርቄያለሁ" አሉ ጋሽ ጥላዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የኔዋ ግን ሞታለች። ይቺን አንቺ ነሽ የወለድሻት። ይዘሻት ሂጂ።"

ጋሼ አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ብስክሌት የራሴ አድርጌ ስመኝ ነበር፤ አንድም እሁድ ሳልመኝ አላለፍኩም። ምኞቴ ተሰማ። እንዲህ ሆኖ ይሰማል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ግን አልነበረም።

"እሁድ እሁድ ይዘሻት ብቅ በይ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "ልጅ ብቻውን አያድግም።"

እትዬ ዘውዴ መሀል ላይ ተነስተው ሄደው ነበር፤ ለቅሶ ነው ከተባለ በኋላ ማንም ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ብለው ንፍሮ ሲቀቅሉ ቆይተዋል። ሰፌድ ይዘው ተመለሱና ለሰዉ ማከፋፈል ያዙ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋሽ ጥላዬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቡናማዋን ብስክሌት ከላይ እስከ ታች አዩ። የሰሙትን በልባቸው ለመደርደር ሲታገሉ ፊታቸው ላይ ይታያል።

"እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንኳንም ማርያም ማረችሽ" ብለው ጨመሩልኝ።

ብስክሌቷን በወገቤ ደግፌ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ንፍሮውን ተቀበልኩ፤ ለሁለቱም አሜን አልኩ።